«እጅዎ ይባረክ» ያልንለት ሳጥን

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሊና አጠገቤ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። አንድ ሰውዬ ያረረ ድስት በምን እንደሚጸዳ የሚያሳይበትን ቪዲዮ አይታ እንደጨረሰች ጣቶቿ ፈጠን ፈጠን እያሉ አንድ ነገር ጻፉ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አነበብኩት። «በጣም ይሠራል፣ እናመሰግናለን!» ይላል። ከጎኑ የሚያጨበጭቡ እጆች ተደርድረዋል።

«መቼ ሞከርሽው?» አልኳት።

«አልሞከርኩትም።»

«ታዲያ እንደሚሠራ በምን አወቅሽ?»

«እማዬ ደግሞ! ሁሉም ሰው ይሠራል ብሏል እኮ።»

ሊና እንኳን ያረረ ድስት የጠጣችበትን ብርጭቆም አጥባ አታውቅም። ከት ብዬ ሳቅኩ። ያሾፍኩባት መስሏት ፊቷን አዞረችብኝ፤ ያሳቀኝ ግን የእሷ ነገር አልነበረም። እሷ ሳትወለድ በፊት በዚሁ በጅቡቲ ከተማ፣ በዚሁ ሙቀት ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው «ይሠራል» ያለለት፣ እኔ ዘንድ ግን አንድም ቀን ያልሠራ ሳጥን ነበረኝ። ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ከኮምቦልቻ መጥቼ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት የጅቡቲ ወይዘሮ ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ። ማዳም ነው የምላት። መሥሪያ ቤት ትውላለች፤ ፈረንሳይኛውንም ሱማልኛውንም እያቀላቀለች ትናገራለች፤ ስትቆጣ ዓረብኛ ትጨምርበታለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። እልፍነሽ የሚለው ስሜ ለአፏ ስላልተመቻት «ኤልፊ» ትለኛለች። ጠዋት በጊዜ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ትመለሳለች፤ ምሳ ተበልቶ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። ጅቡቲን የማያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ቢደርስ ሕዝቡ ጥሎት የተሰደደ ከተማ ይመስለዋል። ያ ሰዓት የእኔ ነበር። የኩሽናው ወለል ንጣፍ ቀዝቀዝ ስለሚል እግሬን ዘርግቼ እቀመጥና ስልኬን እከፍታለሁ።

በስልኬ ውስጥ «ብልሃት ቤት» የሚባል ግሩፕ ነበረ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች፣ ወደብ ላይ ዕቃ የሚጭኑና የሚያወርዱ ልጆች፣ እንደ እኔ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ የድሬዳዋ መብራት ሠራተኞች፣ የአዳማ በያጆች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዱ በአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ውሃ ወደ ጣሪያ ሲያወጣ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው ከዱቄት ከረጢት ለመኪናው መስኮት የሠራውን የፀሐይ መከለያ ያሳያል። አንዷ የዝናብ ጫማ ጎማ ቆርጣ ለሚያፈስ ቧንቧ ማሰሪያ አድርጋዋለች። ከእነዚህ ጉዶች የማልወደው አልነበረም። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እዚያ ኩሽና ወለል ላይ ግን እንደገና ትምህርት ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ግሩፑ ከዕቁብ የተዋሰው አንድ ደንብ ነበረው። ዋስ የሌለው ሰው አይገባም። አባል የሆነ ሰው «አውቃታለሁ፣ እኔ አለሁላት» ካላለ በሩ አይከፈትም፤ ገብተሽ ከተሳደብሽ ወይም ካጭበረበርሽ የሚጠየቀው ዋስሽ ነው። ደንቡ ሌባና ነገረኛ ይከለክላል ተብሎ ነው የወጣው፤ በእርግጥም ይከለክል ነበር። ያላሰቡት ነገር ግን አብሮ ገባ። አንድ ሰው ጥያቄ ሲያቀርብ ከጥያቄው በፊት ዋሱ መታየት ጀመረ።

የእኔ ዋስ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ የኮምቦልቻ ሠፈራችን ሰው ናቸው፤ ተሳቢ ይነዳሉ፤ በመጡ ቁጥር ከእናቴ በርበሬና ሽሮ ያደርሱልኛል። በግሩፑ ውስጥ የማያውቃቸውና የማይወዳቸው አልነበረም። ጎማ የፈነዳበትም፣ ጉምሩክ ላይ የተያዘበትም፣ ልጁ የታመመበትም ለእሳቸው ነው የሚደውለው። እናም እኔ በግሩፑ ውስጥ እልፍነሽ አልነበርኩም፤ «የጋሽ ወርቁ ልጅ» ነበርኩ። አንድ ጊዜ የማዳም ብረት ምጣድ ለምን እንደሚይዝብኝ ብጠይቅ መልሱ እንደ ጎርፍ ወረደብኝ፤ አንዱ በያጅ እንዲያውም አዲስ ምጣድ ልሥራልሽ ብሎ ነበር። በዚያው ቀን ሌላ ሰው ስለ ጄኔሬተር አንድ ቁም ነገር ጠይቆ ማንም ዞር ብሎ ያየው የለም። ያኔ ይህ ነገር አልከነከነኝም። ሰው ሲያከብርሽ ለምን ብለሽ አትጠይቂም።

ሐምሌ ላይ ካምሲን ይነሣል። ካምሲን የሚሉት ከበረሃው የሚመጣውን ደረቅ ነፋስ ነው፤ ፊት ላይ ሲመታ የምድጃ አፍ የተከፈተ ይመስላል፤ አሸዋው በጥርስ መሃል ይንቀጫቀጫል። ጋሽ ወርቁ ሳጥናቸውን የለጠፉት በዚያ ወቅት ነው። ከመኪናቸው ጋቢና ኋላ የታሰረ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ግድግዳው በወንፊት ሽቦ ድርብ ተደርጎ መሃሉ ከሰል ተሞልቶበታል፤ ላዩ ላይ ጆንያ ለብሷል፤ ከላይ የተበሳሳ ጀሪካን ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ነፋሱ በእርጥቡ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። በፎቶው ላይ የሚታየው የሐብሐብ ቁራጭ ላብ አውጥቶ ነበር። መብራት የለ፣ ፍሪጅ የለ!

ግሩፑ አበደ። «እጅዎ ይባረክ!» «ጋሼ ኑሩልን!» «ሠርቼው በረዶ ሆነልኝ!» የሚያጨበጭበው እጅ ብዛቱ ስልኬን አንቀራፈፈው። እኔም አጨበጨብኩ።

ሳጥኑ ግን ለእኔ ከጭብጨባ በላይ ነበር። የማዳም እንግዶች የእኔን እርጎ ይወዱ ነበር። በማንጎ እመታዋለሁ፣ በጣም ቀዝቃዛ አድርጌ በረጅም ብርጭቆ አቀርባለሁ፤ ሳይጨርሱ ሌላ የሚጠይቁ ነበሩ። የራሴን እርጎ ቤት መክፈት ካማረኝ ቆይቷል። ያገደኝ ፍሪጁና መብራቱ ነበር፤ በዚህ ከተማ መብራት የሚከፍል ሰው ምን እንደምል ያውቃል። አሁን ጋሽ ወርቁ ፍሪጅ የማያስፈልገው ብርድ ፈጠሩልኝ። ካርቲየ 5 የሚባለው ሠፈር ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፤ ከከተማው ዳር ባልባላ ሠፈር ያለ አናጢ ሳጥኑን ከፎቶው እያየ ሠራልኝ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ለማዳም ስነግራት ሻንጣዬን የያዝኩ ያህል ደነገጠች። ቆየት ብላ፣ «ኤልፊ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እህቴ ልጇን ትልክልኛለች፤ ክፍልሽ እንዳለ ይቆይሻል» አለችኝ። «ካልሆነልሽ ተመለሺ፣ አልስቅብሽም። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ግን ሌላ ልጅ እቀጥራለሁ። ዋላሂ፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

እኔ ግን ወጣት ነበርኩ። መመለስ የሚባለው ነገር ሞት መስሎ ታየኝ። እናቴ ደግሞ ገና ሳልከፍት «ልጄ ጅቡቲ ሱቅ ከፈተች» ብላ ለሠፈሩ በሙሉ አውርታ ጨርሳለች።

የከፈትኩት ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። ካምሲኑ ሄዷል፤ የባሕሩ እርጥብ አየር ገብቷል። ሰው ቁጭ ባለበት ሸሚዙ ከጀርባው ጋር የሚጣበቅበት ወር ነው። ጠዋት እርጎዬን በየብርጭቆው ሞልቼ ሳጥኑ ውስጥ ደረደርኩ፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ትንሽ ማራገቢያ ከኋላ አድርጌለታለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከማዶ ያሉ ወፍራም ሱማሌ ባለታክሲ ነበሩ። ብርጭቆውን አነሡ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«እህቴ፣» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ይሄ ሻይ ነው እርጎ?»

ሳጥኑን ከፍቼ እጄን አስገባሁ። እንደ ገላ መታጠቢያ ቤት ይወብቃል። ከቀትር በኋላ እርጎው ውሃና ድፍድፍ ሆኖ ተለያየ፤ ሽታው ከኒሙ ዛፍ አልፎ መንገድ ድረስ ወጣ። ለድመቶች ሰጠሁት። ድመቶቹም አሽትተው ሄዱ።

በማግስቱ ውሃውን ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ቀነስኩ። ከሰሉን አወጣሁና በትንሽ በትንሹ ሰብሬ መለስኩት። ጆንያውን ቀየርኩ፣ ማራገቢያውን ከፊት አደረግሁት። ምንም! ስልኬን ስከፍት ግሩፑ አሁንም ያመሰግናል፤ አዲስ የገቡ ሰዎች ሁሉ የድሮውን ምስጋና እያነበቡ ሌላ ምስጋና ይጨምሩበታል። ከዚያ ሁሉ ሰው የእኔ ብቻ እንዴት እምቢ ይላል? እጄ ላይ አንድ ነገር አለ ብዬ አመንኩ።

«ሳጥኑ አይሠራም» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። የሚሠራው ሳጥን የማን ነው? የዋሴ። ያስገቡኝ እሳቸው፣ ያስከበሩኝ እሳቸው፤ የእናቴን በርበሬ ያን ሁሉ በረሃ አሻግረው የሚያመጡልኝ እሳቸው። በአደባባይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እንዲህ ልላቸው? ምን ቆርጦኝ! በመጨረሻ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ጋሽ ወርቁ፣ ሳጥንዎ ግሩም ነው፣ እጅዎ ይባረክ። የእኔ ግን ትንሽ ሞቅ ይላል። ምን አጥፍቼ ይሆን?»

መልሱ እንደ ልማዱ ጎረፈ። «ውሃ አሳንሰሽ ነው።» «ውሃ አብዝተሽ ነው።» «ከሰሉ የግራር ነው?» አንዱ ሾፌር «እህቴ፣ ዋናው ትዕግሥት ነው» አለኝ። የታገስኩት ሁለት ጀሪካን እርጎ በየቀኑ እየደፋሁ ነበር። የወሩ መጨረሻ ደግሞ እግር በእግር እየመጣ ነው፤ ማዳም ቤት ያለችው ክፍሌ በሕልሜ መምጣት ጀመረች።

ከዚያ አንድ ቀን ልክ በዚያ ከተማው በሚተኛበት ሰዓት በውስጥ መስመር መልእክት መጣልኝ። ሐያት ከምትባል ከማላውቃት ልጅ ነው።

«እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም። የእኔም አይሠራም። ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያኔ እንዲያ ብቻዬን እንደሆንኩ ይሰማኝ እንደነበር አሁን ስጽፈው እንኳ ይታወቀኛል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝና በግሩፑ ላይ «በረዶ ሆነልኝ» ያለውን አንድ የወደብ ልጅ በውስጥ መስመር ጠየቅሁት። «እንዲያው በመሃላችን ይቅርና፣ አሁንም ይሠራልሃል?»

«በመሃላችን ይቅርና» አለ፣ «ሐምሌ ላይ በረዶ ነበር። አሁን ውስጡ ሩዝ ይበስላል። ማራገቢያው ተበላሽቶብኝ መሰለኝ፣ ሌላ ገዛሁ።»

ሌላዋን ጠየቅሁ። ከሰሉን የቀየረች ናት። ሌላው ሳጥኑን በተን አድርጎ እንደገና ሠርቶታል። አንዷ የካርቲየ 5 ልጅማ ጠበል ረጭታበታለች። እያንዳንዱ ያልተበላሸውን ሲጠግን ከርሟል፤ እያንዳንዱ የተበላሸው የእኔ ብቻ ነው ብሎ አምኗል፤ እያንዳንዱ «ለጋሽ ወርቁ እንዳትነግሪ» ይላል። አንድ የድሬዳዋ ልጅ ብቻ «የእኔ እስካሁን ጥርስ ያደነዝዛል» አለኝ፤ ስልኩን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ወርቁ መጡ። ሱቄን ዘግቼ በባልባላ በኩል በሚኒባስ ከባድ መኪኖች ተራ ወደሚጠብቁበት ሜዳ ሄድኩ። ከተሳቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ እግራቸውን በውሃ ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ ሳያቸው ሁሉም ጠፋኝ። ከእናቴ የመጣውን ጥቅል ሰጡኝ፣ ስለ ሰፈሩ አወሩኝ፣ ከዚያ ሳጥናቸውን ከፍተው ውሃ አወጡልኝ። ጠጣሁት። ፊት የሚታጠቡበት ዓይነት ለብ ያለ ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ግሩም ነው፣ አይደል?» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ጥርጣሬ ነበረበት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ «የእኔ አልሠራም። አንድም ቀን።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ከዚያ ከሳፋው ውስጥ ብድግ አሉ፣ በባዶ እግራቸው አሸዋው ላይ ቆመው ትከሻዬን ያዙኝ።

«እልፌ! የእኔም አይሠራም!»

«ምን?»

«ከነሐሴ ጀምሮ! እዚህ ስደርስ ድስት ይሆንብኛል። ለማን ልናገር? ያ ሁሉ ሰው ‹በረዶ ሆነልኝ› እያለ ሲመርቀኝ፣ እኔ የፈጠርኩት ሰውዬ ‹የእኔ እምቢ አለ› ልበል? ሁሉም ከእኔ አሻሽለው የሠሩት መሰለኝ። ጆንያውን በሎሚ አጠብኩት። የባሕሩ ጨው ገብቶበት ይሆናል ብዬ በሳሙና ደገምኩት። ይገርምሻል፣ አዋሽ ስደርስ ሐብሐቡ ጥርስ ያማል! ወደዚህ ስወርድ ደግሞ እንፋሎት ነው።»

ስቀን ስቀን የጎረቤት ሾፌሮች ምን ሆኑ ብለው አዩን። ሳቁ ሲበርድልን አንድ ላይ ማሰብ ጀመርን። አዋሽ ይሠራል፣ ድሬዳዋ ይሠራል። እዚህ ሐምሌ ላይ ሠርቷል፣ አሁን አይሠራም። ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን ሊያብሱ ከመኪናቸው መስተዋት ላይ ፎጣቸውን አወረዱና በእጃቸው ይዘው ትኩር ብለው አዩት።

«ይሄን ጠዋት አጥቤ ነው ያሰጣሁት» አሉ። ሲጨምቁት ውሃ ጠብ አለ። «ፎጣ የማያደርቅ አየር የእኔን ጆንያ በምን ዕዳው ያደርቀዋል! ውሃው ተንኖ ካልደረቀ ደግሞ አይቀዘቅዝም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሳጥኑ የደረቅ አየር ሳጥን ነው፤ እርጥብ አየር ሲመጣ ሥራውን ያቆማል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላበላሸም። ሁላችንም የያዝነውን ቁራጭ አውጥተን ብናስቀምጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈታ ነገር ነበር።

«እኔው ልጻፈው» አሉ ጋሽ ወርቁ። መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ፦ «ሳጥኔ ጅቡቲ ላይ ከነሐሴ ወዲህ አልሠራም። የእናንተስ? ይሉኝታ ይቅር።» ላኩት። ከዚያ አንድ «የእኔም» መጣ። ከዚያ ሌላ «የእኔም»። ከዚያ ስልኩ እጃቸው ላይ መንቀጥቀጥ አላቆመም። ጠበል የረጨችው ልጅ እንኳ ወጥታ ተናዘዘች፤ ግሩፑ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም።

እኔ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ሳቄ ጠፋ። እውነቱ ወጣ፤ እርጎዬ ግን አሁንም ይሞቃል። የወሩ መጨረሻ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ያቺ ሐያት ማን ትሆን ብዬ ከዚህ በፊት የለጠፈችውን መፈለግ ጀመርኩ። ብዙ አልነበራትም። በግንቦት ወር አንድ ፎቶ አስቀምጣለች። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ቆርጣ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ዙሪያውን ለብዳ፣ ከዓሣ ወደብ የሚገዛ በረዶ ሞልታበታለች። «በረዶው እስከ ነገ ይቆያል፤ ሥሩ ላይ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ማድረግ ነው» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ አንድም ቃል፣ አንድም እጅ የለም። ዋሷ የነበረችው ሴት ቀደም ብላ ወደ ደሴ ተመልሳ ከግሩፑ ወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሐያት የማንም ልጅ አልነበረችም።

እኔ ራሴ በግንቦት እዚያው ነበርኩ። ያ ፎቶ በዓይኔ ሥር ሳያልፍ አልቀረም።

በማግስቱ ምኒልክ አደባባይ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተገናኘን። አጭር፣ ቀጭን፣ ከንግግሯ ፍጥነት የተነሣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ናት። የዓሣ ነጋዴ ቤት ነው የምትሠራው፤ በረዶውን ያወቀችው ከዚያ ነው።

«የአንቺ ሳጥን ይሠራ ከነበር የጋሽ ወርቁን ለምን ሠራሽ?» አልኳት።

«ሁሉም የእሳቸውን ሲያመሰግን የእኔ ጅልነት መሰለኝ፤ ለዶሮ ማደሪያ ሰጠሁት።»

«ደግመሽ አትጽፊውም ነበር?»

«ደግሜ ብጽፈውስ ደግሞ ማን ያየዋል?» አለችኝ። ሳትከፋ ነው ያለችው፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ።

ለጋሽ ወርቁ ደወልኩ። ወዲያው በግሩፑ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሐያት በግንቦት የጻፈችውን ሂዱና አንብቡ። እኔም ሁላችሁም አልፈናታል። ከዛሬ ጀምሮ ዋሷ እኔ ነኝ።» ያው ፎቶ፣ ያው ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። በዚያ ቀን ግን ዓለም ሁሉ ዓይኑን ገለጠለት። የወደብ ልጆች የሚጣል ፎም በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው አመጡልኝ፤ ሱቄ ከውጭ ስትታይ የበረዶ ተራራ መሰለች። ሐያት ፈቃድ ወስዳ መጥታ ቀዳዳው የት መሆን እንዳለበት ራሷ በቢላ በሳችው።

ሳጥኑ ተሠርቶ ባደረ በማግስቱ ባለታክሲው ሰውዬ በዚያ ሲያልፉ ጠራኋቸው። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ይነበብ ነበር። ተጎነጩ፤ ጉንጫቸውን ያዙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዋላሂ፣ ጥርሴ!» አሉ፣ በደስታ። ሌላ ብርጭቆ ጠየቁና ቁጭ አሉ። ከዚያ ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን የማዳም መኪና በሩ ላይ ቆመች። ልትወስደኝ ነበር የመጣችው፤ የኋላው ወንበር ለሻንጣዬ እንዲሆን ባዶ ተደርጓል። በማንጎ የተመታውን በረጅም ብርጭቆ ሰጠኋት። ቆማ ጠጣችው። ሁለተኛውን ተቀምጣ ጠጣችው። በመስኮቱ ወደ ደንበኞቼ አየች፣ ወደ ነጩ ሳጥን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን በመሐረብ ጠረገችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንግዲህ ሌላ ልጅ ልፈልግ» አለች። ከዚያ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ።

ያቺ ጠባብ ክፍል ዛሬ ሦስት ክፍል ሆናለች፤ ፍሪጅም ገብቶላታል፤ ሐያትም ሸሪኬ ናት፣ እስካሁን እንደዚያው ትፈጥናለች። ጋሽ ወርቁ መንዳት አቁመው ኮምቦልቻ ተቀምጠዋል። ሰው የሚማረው ከሚያውቀው ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። እኔም ያለ ጋሽ ወርቁ ስም የትም አልደርስም ነበር። ግን መተዋወቅ መንገድ የመሆኑን ያህል አጥርም ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለን ሰዎች እርስ በርስ ስንመራረቅ እንውላለን፤ ምርቃቱ ደስ ስለሚል እውነቱን በውስጥ መስመር እናስቀረዋለን። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ደግሞ መልሱን ይዞ ቆሞ ማንም አያየውም።

ስለዚህ አንድ ልማድ አወጣሁ። እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ ስገባ ሁሉም ያጨበጨበለትን አልፌ ማንም እጁን ወዳላነሣበት ወደ ታች እወርዳለሁ። እውነት ለመናገር አብዛኛው የማይረባ ነው። አንዳንዱ ግን አይደለም። በቀደም እንዲህ ስወርድ አንዲት ልጅ ስለ ፀሐይ መብራት ባትሪ የጻፈችውን ጥያቄ አገኘሁ። ካስቀመጠችው ቆይቷል፤ መልስ የለውም። ስለ ባትሪ የማውቀው ነገር የለኝም። «መልሱን አላውቀውም» ብዬ ጻፍኩላት፣ «ግን አንብቤዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቅልሻለሁ።»

ስልኬን ሳላስቀምጥ መለሰችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እዚህ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።»